የተራራ ልጅ አይታመምም

አሶጅ 2

የአሶጅ ወር ገባ፣ ዝናቡ ግን ዛሬም አልለቀቀንም። ከከተማችን ከዱንቼ በታች መንገዱ ተንዶ አውቶቡሶቹ ወዲያና ወዲህ ቆመዋል፤ ሰዉ ጫማውን አውልቆ በጭቃ እየተሻገረ ይሳፈራል አሉ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ማሪከ የምትባል የሆላንድ ሴት በስልክ ጽፋልኛለች። ባለፈው ጸደይ ተራራው ላይ፣ ላውሪቢና፣ በእህቴ በኒሙ ሻይ ቤት ያደረች ጓደኛዋ ናት ስሜን የሰጠቻት። አጭር የእግር ጉዞ ነው የምትፈልገው፤ ከሻይ ቤት ሻይ ቤት እያደረች ጎሳይኩንዳ ሐይቅ ደርሳ መመለስ። ድንኳን የለ፣ ምግብ አብሳይ የለ፣ እኔና እሷ ብቻ።

ከማሌዥያ ከተመለስኩ ወዲህ የራሴ የምለው የመጀመሪያ እንግዳዬ ናት። እስካሁን የሌላ አስጎብኚ ሰዎች እያጀብኩ የታች የታቹን መንደር ስዞር ነው የከረምኩት። ይህ ከተሳካ ሌሎች ይመጣሉ። ካልተሳካ ግን ሰባት ዓመት ዘበኛ ሆኜ የቆምኩበት የጓንት ፋብሪካ በር ይጠብቀኛል። ደላላው ትናንት ከካትማንዱ ደውሎ፣ ውሉን ማደስ ከፈለግህ እስከ ቲሃር በዓል ቁርጡን ንገረኝ ብሎኛል።

ቁርጡን አልነገርኩትም። ለሚስቴ ለፉልማያም መደወሉን አላነሣሁላትም። ሚስቴ እንዲህ ያለውን ነገር ከፊቴ ላይ ነው የምታነበው፤ ዛሬ ግን ያነበበችው ደስታዬን ብቻ ይመስለኛል።

አሶጅ 5

ይህች ሴት መጠየቅ አይሰለቻትም። መጸዳጃው ከውስጥ ነው ከውጭ? ብርድ ልብስ ይሰጣሉ ወይስ የራሴን ልያዝ? ስልክ የት ይሞላል? ጉልበቴ ደካማ ነውና ምርኩዝ እዚያ ይገኛል ወይ? ሁሉንም አንድ በአንድ መለስኩላት። መሀል መንገድ ላይ ካለችው ከቻንዳንባሪ መንደር በላይ ሥጋ እንዳታዝ ነገርኳት፤ ከታች በሰው ጀርባ ወጥቶ ምን ያህል እንደሚሰነብት እኛ ነን የምናውቀው። የበላችበት ቤት ማደር፣ ያደረችበት ቤት መብላት እንዳለባትም ጻፍኩ፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ እንግዳ ባለቤቶቹን ያስቀይማል።

ማታ ደግሞ ዋናውን ጥያቄ አመጣችው። "ከፍታውስ? እኔ የተወለድኩበት ከተማ ከባሕር ወለል በታች ነው" አለች።

"አያሳስብዎ ዲዲ፣ እኔ የተራራ ልጅ ነኝ" ብዬ እንደ ታላቅ እህት ጠርቻት ጻፍኩላት።

"እሱማ ጥሩ፤ የምጠይቅህ ግን ስለ እኔ ነው" አለችኝ።

ብቻዬን ሳቅሁ። ሰውነቴ ከፍታውን እስኪለምድ ቻንዳንባሪ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ማረፍ እፈልጋለሁ ብላለች። አያስፈልግም አልኳት። ምክንያት አለኝ። በዚህ ወቅት በስልክ የተያዘ አልጋ እንዳልተያዘ ነው የሚቆጠረው፤ ቀድሞ በሩ ላይ የቆመ አስጎብኚ ይወስደዋል። እህቴ እንኳ ለወንድሟ ብላ በብርድ የመጣ እንግዳ አትመልስም፤ ባሏ ሲንጊም አይፈቅድላትም። አንድ ቀን ስናርፍ ሌላው ይቀድመንና የመመገቢያው አግዳሚ ላይ ተኮራምተን እናድራለን።

አሶጅ 11፣ ቻንዳንባሪ

ምሳ። የክፍሎቹን ነገር በአካል ልጨርስ ወደ ላይ እየወጣሁ ነው። ዝናቡ ቆሟል። እግሬ ደህና። ትንፋሼ ትንሽ አጠረ፣ ጠዋት የበላሁት ድንች ከብዶኝ ይሆናል። እዚህ ማደር እችል ነበር። አባቴ ግን ከዱንቼ ተነሥቶ በአንድ ቀን ላውሪቢና ነበር የሚገባው። እኔም ዛሬውኑ እገባለሁ።

ያው ዕለት፣ ላውሪቢና

ራሴን አሞኛል። ጭሱ ነው። ኒሙ እርጥብ እንጨት ታነዳለች።

አሶጅ 12

ጠዋት ከከብቶቹ በረት ጀርባ ሄጄ አስመለሰኝ። ማንም አላየኝም። ሲንጊ ትናንት ማታ ራክሲ አስጎንጭቶኝ ነበር፤ አረቄው ከምግቡ የሰናፍጭ ዘይት ጋር አልተስማማም።

እንግዶቹ በልተው ሲነሡ እኛ አስጎብኚዎች እንደ ልማዳችን ማድቤት ገብተን የሩዝና የምስር ምግባችንን፣ ዳልባታችንን እንጠብቅ ነበር። በዚህ መሀል ከቆላ የመጣ አንድ የሐይቁ ተሳላሚ በፈረስ ላይ ደግፈውት ሲያወርዱት በመስኮት አየን። ከንፈሩ ጠቁሮ አንገቱ ወዲያና ወዲህ ይወድቃል። ሌክ ይዞታል። የከፍታ ሕመሙን እኛ እንዲህ ነው የምንለው፤ ደግሞም የሚይዘው ከሩቅ የመጣን ሰው ነው። ሲንጊ ጭልፋውን እንደያዘ፣ "የእነዚህ ሰዎች ሳንባ ከወረቀት ነው የተሠራው" አለ። ማድቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ወዲያው ወደ እኔ ዞረና፣ "ማሌዥያ፣ አንተስ ምን ሆነህ ነው ሩዙን የምትቆጥረው?" አለኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ስሜ ማሌዥያ ሆኗል። መንገድ ላይ በልቼ ነው አልኩት። ኒሙ ሳህኔን አየችና አነሣችው።

አሶጅ 13

ቤቴ ገባሁ። ከቻንዳንባሪ በታች ጫካው ውስጥ ስደርስ ራስ ምታቱ በአንድ ጊዜ ለቀቀኝ። ዘይቱ ከሆዴ ወጥቶ ነው። ፉልማያ ስለ ክፍሎቹ ጠየቀችኝ፤ ተያዙ አልኳት። ስለ ሌላው አልጠየቀችም፤ እኔም አልነገርኳትም።

አሶጅ 17

ኒሙ ለእናታችን ለአማ ደውላ እንዳልበላሁ ነግራታለች። ሴቶች ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ አላውቅም። አማ ምንም ሳትጠይቀኝ ቦምቦውን፣ የመንደሩን ቃልቻ፣ ጠራችው። ሽማግሌው ከበሮውን ይዞ መጣ፣ የላባ ዘውዱን ደፋ፣ ምድጃው አጠገብ እየተንቀጠቀጠ ሲመታና ሲዘምር አመሸ። በመጨረሻ የተናገረው ይህን ነው። ሐይቁ አላወቀኝም። ያን ሁሉ ዓመት ባሕር ማዶ ከርሜ፣ ሰላም ሳልለው ሄጄ ደረቱ ላይ ተኛሁ። የባዕድ ሽታ ሸተትኩት፣ ገፋኝ። አሁን ወጥቼ ራሴን ሦስት ጊዜ ውሃው ውስጥ መንከር አለብኝ።

አማ እፎይ አለች። "ያቺን ፈረንጅ ስታደርስ በዚያው ትነከራለህ" አለችኝ። እኔም እፎይ አልኩ። ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው፤ መድኃኒቱም ያለው መንገዴ ላይ ነው።

ፉልማያ ለመሥዋዕት የታረደውን ዶሮ እየነጨች፣ ወደ ላይ ስትሄድ የያዘህ ነገር ወደ ታች ስትመጣ ለምን ለቀቀህ አለችኝ። እናቴ ፊት ነው ይህን ያለችኝ። ቦምቦው የተናገረውን አንቺ ታርሚያለሽ ወይ ብዬ ጮኽኩባት። ልጃችን ያንጂ ደንግጣ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተወሸቀች።

መጮኽ አልነበረብኝም። ልጄ እንደሆነ ከመጣሁ ጀምሮ ገና አልለመደችኝም።

አሶጅ 25

የዳሻይን በዓል ነው። ከተማው ባዶ ነው፣ ሰው ሁሉ ወደየመንደሩ ሄዷል። ሜዳው ላይ የቀርከሃ ዥዋዥዌ ተክለዋል። ያንጂን ይዣት ወጣሁ። መጀመሪያ እጄን አልያዘችም። ዥዋዥዌው ከፍ ሲል ግን "አባ፣ አጥብቀህ ያዘኝ" አለችኝ። አባ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ በፊት ለጎረቤት ስታወራ ሰውዬው ነበር የምትለኝ።

ደላላው እንደገና ደወለ። አስብበታለሁ አልኩት። እውነቱን ለመናገር የማስበው ሌላ ነገር ነው። ወደዚያ ብመለስ ይህች ልጅ አሁንም ትረሳኛለች፤ ስመጣ ደግሞ ትልቅ ሰው ሆና ነው የምትጠብቀኝ። አልሄድም። አስጎብኚ ሆኜ መኖር አለብኝ፤ በዚህ አገር አስጎብኚ የሚባለው ደግሞ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ነው።

አሶጅ 28

ማሪከ በዕረፍቱ ቀን ጉዳይ አልላወስ ብላለች። "ወይ ቀኑ ይጨመራል፣ ወይ እኔ እቀራለሁ" ብላ ጻፈች። ሴትዮዋ ተራራ ሳታይ ተራራ ታስተምረኛለች። እጄን ሰጠሁ። ቻንዳንባሪ ሁለት ሌሊት እናድራለን። በዚያ መሀል እኔ ብቻዬን ላውሪቢና ወጥቼ ክፍሉን አስከብሬ እመለሳለሁ፤ ሌላ መላ የለም።

ጨርሰናል ስል አንድ ጥያቄ ላከች። "አንተ በከፍታ ታመህ ታውቃለህ?"

"በጭራሽ" ብዬ መለስኩ። ከጻፍኩት በኋላ ስልኩን ደፍቼ አስቀመጥኩት።

ካርቲክ 4

ደረሰች። መንገዱ አንገላቷት፣ አቧራ ለብሳ፣ እየሳቀች ከአውቶቡስ ወረደች። ረጅም ናት፣ ጸጉሯ ሽበት ነው፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። አገሯ የሕፃናት አስተማሪ ነበረች፤ በቅርቡ ነው ሥራ ያቆመችው። ፎቶ ላይ ካየችው ጀምሮ ያንን ሐይቅ ሳላይ አልሞትም ስትል እንደኖረች ነገረችኝ። ይህን ስትናገር ግን አትስቅም ነበር።

እሷና ፉልማያ አንድ ቃል ሳይግባቡ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ጎመን ሲከትፉ አመሹ። አንዷ በምልክት፣ አንዷ በሳቅ። ያንጂ ምርኩዞቹን ወስዳ ግቢውን ስትዞር ዋለች። የብሔራዊ ፓርኩን የመግቢያ ፈቃድ ኬላው ላይ አሳይተን ጠዋት እንነሣለን። ቤቴ ሞላ፤ ደስ አለኝ።

ካርቲክ 5፣ ቻንዳንባሪ

ገባን። ዳገቱ ጨካኝ ነው። ማሪከ እንደ ኤሊ ነው የምትሄደው፤ ጥቂት ሄዳ ትቆማለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ወፍ ታያለች። መጀመሪያ ሰለቸኝ፤ ቀድሜ እየሄድኩ እጠብቃት ነበር። ዴዎራሊ የሚባለውን ማረፊያ ካለፍን በኋላ ግን ከኋላዋ ሆንኩ። አስጎብኚ ከኋላ ሆኖ ነው እንግዳውን የሚጠብቀው።

ራሴ ከበድ ብሎኛል። ፀሐዩ ነው። ባርኔጣ አላደረግሁም።

ካርቲክ 6

እሷ የቻንዳንባሪን አይብ ፋብሪካ ስትጎበኝ እኔ ላውሪቢና ወጥቼ ተመለስኩ። ሲንጊ ክፍሉን ለሌላ ሊሰጥ አቅማምቶ ነበር፤ ቁልፉን ከእጁ ወስጄ ኪሴ ከተትኩት። ስመለስ ድንጋይ ላይ የተቀመጥኩት ብዙ ጊዜ ነው። ሁለቴ አስመለሰኝ።

እራት ላይ ማሪከ ለምን እንደማልበላ ጠየቀችኝ። ወደ ሐይቁ ስለምወጣ ጾም ላይ ነኝ አልኳት። "ውሃም አይጠጣም?" አለች። ውሃም አይጠጣም አልኳት። ረጅም ጊዜ ዐይኔን አየችኝ። ስታስተምር ልጆቹን እንዲህ ነው መሰለኝ የምታያቸው።

ነገ ላውሪቢና፣ ከነገ ወዲያ ሐይቁ። ራሴን እንደነከርኩ ይለቀኛል። ጥርሴን ነክሼ ሁለት ቀን ልቻል።

ካርቲክ 7፣ ላውሪቢና

ደረስን። እሷ ደህና ናት። ስትበላ አየኋት።

ማድቤቱ ያስገመግማል። ሲንጊ ይስቃል፣ ሁሉም ይስቃሉ፣ በምን እንደሆነ አልያዝኩትም። ኒሙ ስንት ጠጣህ አለችኝ። አልጠጣሁም። ደግማ ጠየቀችኝ።

ማሪከ ማድቤት ገባች፣ እንግዳ ማድቤት አይገባም። የሆነ ነገር ትላለች። በትሕትና መለስኩላት።

ወለሉ አልስተካከል አለ። ያንጂ ዥዋዥዌው ላይ

አሶጅ ካርቲክ 9 ጠዋት ሐይቁ ቅርብ ነው ይሰማኛል ውሃው

ካርቲክ 10፣ ዱንቼ

ቤቴ ነኝ። ከላይ ያለውን ገጽ አሁን አየሁት፤ መስመሩ ጠምሟል፣ ቀኑም ተሳስቷል። እጄ በብርድ ደንዝዞ ነበር። የሆነውን በሥርዓት ልጻፈው።

ማሪከ ታመመች። እኔ ደክሞኝ ተኝቼ ነበር፤ የምሽቱን ብዙውን አላስታውስም። ሊነጋጋ ሲል ኒሙ ጎተተችኝ። ስነሣ ማሪከ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ራሷን በሁለት እጇ ይዛለች።

"ካርሳንግ፣ አሞኛል" አለችኝ። "አውርደኝ።"

ይህን ስሰማ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጉልበት መጣልኝ። እንግዳው ታሞ አስጎብኚ አይተኛም። ጫማዬን ሲንጊ አሰረልኝ፤ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ ነበር። እሱ ባትሪ ይዞ ከፊት፣ እኔ መሀል፣ ማሪከ ከኋላ። መንገዱ ስለሚያስፈራት ቀበቶዬን ከኋላ ይዛ ነበር የምትሄደው። ሻንጣዬንም እሷ ካልያዝኩ አለች፣ ሸክም ሲኖረኝ አልንገዳገድም ብላ። የታመመ ሰው እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ የፈረንጅ ነገር ነው ብዬ ተውኩት። ደግሞ ወሬ አታቋርጥም። ስምህ ማነው ትለኛለች፣ የልጅህ ስም ማነው፣ አሁን የት ነን። ስትጠይቀኝ ልመልስ ስል አንዳንዴ የልጄ ስም ይጠፋብኝ ነበር። ፍርሃቷን ለመርሳት ይሆናል እንዲያ የምትለፈልፈው።

ቻንዳንባሪ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሁለት ሳህን ድንች በላች። እንደዚያ ታማ የነበረች ሴት! እኔም ቀለል አለኝ፣ ስለ እሷ የነበረኝ ጭንቀት ሲለቀኝ መሆን አለበት። እዚያ አንድ ቀን አሳርፌያት ዛሬ ዱንቼ ገባን። የሰው ነፍስ አድኛለሁ።

ካርቲክ 11

ማሪከ ሄደች። አውቶቡሱ እስኪነሣ አብሬያት ቆምኩ። ሐይቁን ሳያዩ በመቅረትዎ አዝናለሁ ዲዲ አልኳት። ከፍታው ሁሉን ሰው አይወድም አልኳት።

"አዎ፣ አይወድም" አለች። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። "አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። ሌላ ሰው ይዘህ ወደዚያ ሐይቅ እንዳትወጣ። በቅርቡ አትውጣ።"

እንግዳ አይከፋ ብዬ እሺ አልኳት። ፉልማያን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም። አውቶቡሱ ሲታጠፍ ፉልማያ እያለቀሰች ነበር። ለአንድ ሳምንት እንግዳ እንዲህ ይለቀሳል ወይ ብዬ አሾፍኩባት።

ካርቲክ 14

ከተማው ሁሉ ስለ እኔ ያወራል። አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ያለው ሻይ ሻጭ፣ ያቺን ረጅም ፈረንጅ ከላውሪቢና ተሸክመህ አወረድካት አሉ አለኝ። ተሸክሜ እንኳ አይደለም አልኩ፣ ግን ድምፄ ለስለስ ያለ ነበር። የሆላንድ ሰው ሳንባው ከወረቀት ነው ብለው ሳቁ። ሳቅሁ።

ዛሬ አንድ የካትማንዱ አስጎብኚ ደወለልኝ። አራት ሰዎች አሉ፤ ጊዜያቸው አጭር ነው፤ ቲሃር እንዳለፈ በፍጥነት ሐይቁ ደርሰው መመለስ ይፈልጋሉ። ስምህን ሰምተን ነው አለኝ። ተቀበልኩ። ወዲያው ደላላው ጋ ደውዬ፣ አልመለስም፣ ቦታውን ለሌላ ስጠው አልኩት። ስልኩን ስዘጋ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ለፉልማያ ሁለቱንም በአንድ ላይ ነገርኳት። ትደሰታለች ብዬ ነበር። ስለ ማሌዥያው ዐይኗ እንባ ሞላ፤ ስለ አራቱ ሰዎች ግን፣ ያቺን ሴት ቃል አልገባህላትም ወይ አለችኝ። አንቺ በምን ሰማሽ ብላት በእጇ አሳየችኝ። ማሪከ እንዲህ አድርጋ ነው የነገረችኝ አለች፤ መጀመሪያ እኔን በጣቷ፣ ከዚያ ተራራውን፣ ከዚያ መዳፏን ዘርግታ በአየር ላይ እንደ መቁረጥ። እሷ ራሷ ስለታመመች ፈርታ ነው አልኩ።

አሁንም ራሴን አልነከርኩም። እሱ ነው የቀረው። እሱን ብቻ ካደረግሁ ሌላው ደህና ነው።

ካርቲክ 16

አማ ለሐይቁ የምሰጠውን ዕጣንና ወተት አዘጋጅታለች። ቶሎ ውጣ፣ በአንድ ቀን ግባ፣ አባትህ እንዲያ ነበር ትለኛለች። ትናንት የቤቱን ደረጃ ስወጣ ልቤ መታ። ምክንያት የለውም። ዳገት አይደለም። ቆሜ ጠበቅሁት፣ ተወኝ።

ካርቲክ 18

የቲሃር የመጨረሻው ቀን፣ እህቶች ወንድሞቻቸውን የሚመርቁበት። ኒሙ ሻይ ቤቱን ለሠራተኛ ትታ ከሲንጊ ጋር ትናንት ወረደች። ከሰባት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጇ ልመረቅ ነው። ማሌዥያ ሳለሁ ያን ቀን በስልክ ነበር የምትመርቀኝ፤ እኔ ዘበኛ ቤት ውስጥ ቆሜ፣ እሷ እያለቀሰች።

ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። አበባውን አንገቴ ላይ አጠለቀች። ከዚያ ማሰሮዋን ይዛ በዙሪያዬ ዘይት እያንጠባጠበች መዞር ጀመረች። ሞት ያንን ክብ እንዳይሻገር ነው። ለአንድ ዙር ምንም አልሆነም። ሲንጊ ግድግዳውን ተደግፎ ለውዝ እየፈለፈለ፣ ለአራቱ እንግዶችህ ስንት ክፍል ልያዝልህ ማሌዥያ አለኝ። ሁለት አልኩት። ዱንቼ ያደረ በማግስቱ እናንተ ጋ ይገባል፣ በሦስተኛው ሐይቁ አልኩት። አማ ደስ ብሏት ራሷን ነቀነቀች።

ኒሙ ሁለተኛውን ዙር ግማሽ ላይ አቆመችው።

"ሴትዮዋ አልታመመችም ነበር" አለች።

ማን አልኳት፣ እንዳልገባው ሰው።

"የሆላንዷ። አንዳች የነካት ነገር አልነበረም። አንተ ነበርክ የታመምከው።"

ማሰሮውን እንደያዘች ቆማ ነገረችኝ። ያን ምሽት ማድቤቷ ውስጥ ተንገዳግጄ የሩዙን ድስት ደፍቻለሁ። ሰክሯል ብላ ስቃለች፤ ሁሉም ስቀዋል። ማሪከ ገብታ ይህ ሰው ከፍታው መትቶታል፣ አሁን መውረድ አለበት ስትል ማንም አላመናትም። ካርሳንግ? የተራራው ልጅ? አሏት። እኔ ራሴ ደግሞ ጣቴን ፊቷ ላይ ቀስሬ፣ ተራራን ለእኔ አንቺ ታስተምሪኛለሽ ብዬ እንደ እብድ ጮኽኩባት። በትሕትና ነው የመለስኩት ብዬ ጽፌ ነበር። አንድ ቃሉ ትዝ አይለኝም።

ማሪከ ሌሊቱን የክፍሌ በር ላይ ተቀምጣ ትንፋሼን ስትሰማ አደረች። ሊነጋ ሲል ኒሙን ቀሰቀሰቻትና በመላ ተነጋገሩ። ለራሱ ሲባል አይወርድም፣ ለእንግዳው ሲባል ግን ይወርዳል አለቻት። ከዚያ ሄዳ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ራሷን ያዘች። ኒሙንም ለማንም እንዳትናገር አስምላታለች። ሐይቁ አንድ ጠዋት ብቻ ነበር የቀራት።

"መሐላዬን አፈረስኩ" አለች ኒሙ። "አራት ሰው ይዘህ ልትወጣ ነው ሲሉኝ ነው ያፈረስኩት። በዚህ እጄ መርቄህ፣ ከሳምንት በኋላ በዚሁ እጄ ሬሳህን ላጥብ?"

ተነሣሁ። ምን ላደርግ እንደተነሣሁ አላውቅም፤ መውጣት ብቻ ነበር የፈለግሁት። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ከተማው ሁሉ የሳቀባት ያቺ ሴት ናት፣ እኔም አብሬ የሳቅሁባት። ሐይቋን ትታ፣ ስሜን ይዛልኝ ወርዳለች፤ ሻንጣዬንም ጭምር። ፉልማያን አየኋት። ዐይኗን አልሰበረችም። እሷም ታውቅ ነበር።

ደላላውን እምቢ ብዬዋለሁ። ተራራው ደግሞ እምቢ እያለኝ ነው። ያንጂ በሩ ላይ ቆማ ወዴት ልትሄድ ነው በሚል ዐይን ታየኛለች።

"አማ" አልኩ። ድምፄ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። "ሌክ ይይዘኛል። ዘይቱም ጭሱም አልነበረም። ሰዎቹን ወደ ሐይቁ አላወጣም።"

አማ ለሐይቁ ያስቀመጠችውን ዕጣን ወደ ጓዳ መለሰችው። ሲንጊ ሊናገር ሲል አየሁት፤ ማሌዥያ የሚለው ቃል ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ጫማዬን ያሰረልኝ እሱ ነው። ለውዙን መፈልፈል ቀጠለ።

"ተቀመጥ" አለችኝ ኒሙ። "ክቡ አልተዘጋም።"

ተቀመጥኩ። ዘይቱን ከቆመችበት ቀጠለች።